በቀን ስምንት ክፍለ ጊዜ ጽሞና

ጥቅምት 4
የቤተ ክርስቲያናችንን አገልጋዮች የጽሞና ፕሮግራም ዛሬ ጠዋት ጨረስኩ። ዘጠኝ ሰው፣ ሦስት ቀን፣ በቀን ስምንት ክፍለ ጊዜ። በመሃል አሥር አሥር ደቂቃ እረፍት። በማስመሪያ አስምሬ በንጹሕ ገለበጥኩት። ፓስተራችን ባለፈው እሁድ ለብቻዬ አግኝቶኝ ነበር። ስምንት ዓመት ሳያርፍ ማገልገሉን አንስቶ፣ ዝም ብሎ የሚቀመጥበት ቦታ ብቻ እንደሚበቃው ነገረኝ። ማምሻውን "የግል ጸሎት" ብዬ ሃያ ደቂቃ አስገብቼለታለሁ።
ባለቤቴ ወረቀቱን አየችና "ጡረታ የወጣኸው አንተ ነህ ወይስ ደመወዝህ?" አለችኝ። ሳቅን።

ጥቅምት 12
ማረፊያው ደህና ነው። ከከተማ ወጣ ያለ፣ ጸጥተኛ። በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ስም ጠራሁ። ሁለተኛው ላይ ፓስተር የለም። ወጥቼ ስፈልገው ከጓሮ አግዳሚ ላይ፣ ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ... የተኛ መሰለኝ። "ፓስተር፣ ሰባት ደቂቃ አልፏል" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ተነሥቶ ተከተለኝ። ሲገባ የመዘምራኑ መሪ "ወላጅ ያምጣ" አለች። ሁሉም ሳቀ። እሱም የሳቀ ይመስለኛል።

ጥቅምት 13
ከሰዓት በኋላ ጸሎት የመምራት ተራ የእሱ ነበር። ቆመ። ዝም አለ። ቆየ... ከዚያ ተቀመጠ። ሰዓት እንዳይባክን ቀጣዩን ተናጋሪ ጋበዝኩ።
ምነው ብዬ እንኳ አልጠየቅሁትም።

ጥቅምት 15
ለሽማግሌዎቹ ሪፖርት አስገባሁ። "ፕሮግራሙ በታቀደው መሠረት መቶ በመቶ ተከናውኗል።"

ጥቅምት 20
ፓስተር አገልግሎቱን እንደሚለቅ የሚገልጽ ደብዳቤ አስገባ። አራት መስመር። ምክንያት የለውም።
ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ቤቴ መጣች። የቀረበላትን ሻይ አልነካችውም። ከአምና ጀምሮ ለሰው እንጂ ለራሱ መጸለይ አቅቶት እንደነበር ነገረችኝ። ቃል አልመጣ ብሎት። ያን ቀን አግዳሚው ላይ ግን...
"ገና 'አባት ሆይ' ከማለቱ ነው የጠሩት፣ ጋሼ።"
ድምፅዋ ወቀሳ አልነበረበትም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 21
ቤቱ ሄድኩ። ይቅርታ ጠየቅሁት። የተዘጋጀሁበት ንግግር ረጅም ነበር፤ ግማሹ ጠፋብኝ። አልተቆጣም። "እርስዎ ባይጠሩኝ ሌላ ሰው ይጠራኝ ነበር" አለኝ። ለማጽናናት ብሎ ነው። ደብዳቤውን አንሣ ብዬ አልለመንኩትም። በምን አፌ?

ጥቅምት 24
የሽማግሌዎች ስብሰባ። ያን ሪፖርት የጻፍኩት ሰውየውን ከጸሎቱ አስነሥቼ መሆኑን ተናገርኩ። አርባ ቀን ብቻውን ይቀመጥ፣ ያለ ስልክ፣ ያለ ፕሮግራም አልኩ። ነጋዴው ሽማግሌ "እኛስ ስንደክም ማን ያሳርፈናል?" አለ። እውነቱን ነው። ደብዳቤው ላይ ሳይወሰን አርባ ቀን እንዲቆይ ተስማሙ። የሕሙማን ጥየቃውንና የቀብር አገልግሎቱን እኔ ወሰድኩ። እሱም ብቻውን ወደሚቆይበት ቦታ ሄደ።

ኅዳር 9
አንዲት የጉባኤያችን እናት በጠና ታመው ሆስፒታል ገብተዋል። ሄድኩ። የፈለጉት ግን ፓስተርን ነው። ልጃቸው ኮሪደር ላይ ያዘችኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ይደውሉለት፣ እባክዎ ጋሼ... ያለበት ቦታ ቁጥር ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው። ስልኬን አወጣሁ። መልሼ ከተትኩት። ገብቼ እረፍት ላይ መሆኑን ነገርኳቸው።
"ከምን?" አሉ።
"ከእኛ፣ እትዬ። ይበልጡን ከእኔ።"
አልጋው ጠርዝ ላይ ቦታ ለቀቁልኝ።
"እንግዲያው አይጥሩት። ይልቅ ይቀመጡ።"
ተቀመጥኩ። ያዘጋጀሁት ነገር አልነበረኝም። እጃቸውን ይዤ ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም። ቆይተው እንቅልፍ ወሰዳቸው።
ወደ አገልግሎት ይመለስ አይመለስ አላውቅም። ዛሬ ግን ማንም አልጠራውም።