ማሽኑ ሳይነሳ ንገሪው

የዓይኔ ብርሃን፣ የእናት ጸሎት ከፊትሽም ከኋላሽም ይሁን። እኛ ደህና ነን፤ አባትሽ ግን ሥራ ላይ እጁን ኤሌክትሪክ አቃጠለው። አትደንግጪ፣ ሐኪሙ ይድናል ብሏል። አደጋ ሲመጣ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው የወርክሾፑ ብሬከር ቶሎ እንደማይቆርጥ ጓደኛው ያውቅ ነበር፤ አለቃቸውን ፈርቶ ዝም አለ። ትናንት አልጋው አጠገብ ቁጭ ብሎ «ምነው በተናገርኩ!» እያለ ሲያለቅስ፣ አባትሽ «አይዞህ» ብሎት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ልጄ፣ ያ የሠራሽው ሰርኪት፣ በምርምር ማሽናችሁ ውስጥ ጥቃቅን ቅንጣቶች ሲጋጩ የሚቀመጠውንና የሚጣለውን መረጃ ከዓይን ጥቅሻ ፈጥኖ የሚለየው፣ ደህናውንም እየጣለ ነው ያልሽኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። አንዴ የተጣለ አይመለስም ብለሽኛል። እንግዲያው ማሽኑ ሰኞ ሳይነሳ ለአለቃሽ ንገሪው። ቢቆጣም ቁጣ ያልፋል። «ለእማዬ ነግሬያለሁ» ብለሽ እንዳትቀሪ፤ እኔ ምን አውቄ!

እጅሽን ይባርክልኝ፣ ከክፉ ይሰውርሽ። ድምፅሽ ቢንቀጠቀጥም ይንቀጥቀጥ፤ ብቻ ንገሪውና ደውዪልኝ።