ሳልመልስልህ የቀረሁት ቃል

ለማዬ፣ የቤቴ መምህር፣

መስቀል ባለፈ ሰሞን ተለየኸኝ፤ አሁን ጥር ገብቷል። ሰው ሁሉ ጊዜ መድኃኒት ነው ይለኛል። እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ይህን ስጽፍልህ እንኳ ሁለት መስመር ጽፌ እነሳለሁ፣ በሩን ከፍቼ መንገዱን አያለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ማንን እንደምጠብቅ አላውቅም።

ቤቱ እንዳለ ነው። ካፖርትህ ከበሩ ኋላ እንደተሰቀለ አለ። እናትህ ከቀብርህ ወዲህ ወደ ገጠር አልተመለሰችም፤ እኔ ጋ ናት። የማታ ትምህርቴንም አላቋረጥኩም። ቀን ቢሮ ታይፕ እመታለሁ፣ ሲመሽ ክፍል እገባለሁ። አዲሱ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ጎበዝ ነው፤ ግን ቃሉን ሰሌዳ ላይ ይጽፍና ገልብጡ ይለናል። አንተ እንዲህ አልነበርክም። ሁሉቃ ወንዝ ዳር ስንናፈስ አንድ ቃል ትሰጠኝና፣ ከራስሽ ሕይወት እውነተኛ ነገር ካልነገርሽኝ ቃሉ ያንቺ አይደለም ትለኝ ነበር። የፈጠራ ዓረፍተ ነገር አትቀበልም። ስንቱን ቃል ነጠቅኸኝ፣ አንተ ክፉ!

የደስታና የቁጣ ቃላት ቶሎ አለቁልን። ከሐፍረትና ከጸጸት ቃላት ስንደርስ ነው ነገሩ ያዘገመው። “ኢምባረስድ” ሳምንት ሳይሞላው ራስሽ የምትስቂበት ነው አልከኝ። እኔም የጊንጪውን አነሳሁ። ከአዲስ አበባ ስንመለስ አውቶቡሱ እዚያ ቢቆም ቆሎ ልገዛ ወርጄ፣ ተሳስቼ ሌላ አውቶቡስ ላይ ወጣሁና ጋቢ የለበሰ ሰው አጠገብ ተቀምጬ፣ አንተ መስለኸኝ እንካ ብላ ብዬ ቆሎውን ሰጠሁት። ሰውየው ደግሞ ምንም ሳይል መብላቱ! አንተ በመስኮት ስታየኝ ስለነበር ታሪኩን ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለህ፤ ግን እንደ አዲስ እንባህ እስኪመጣ ሳቅህ።

“አሼምድ” የሰው ዓይን ማየት የሚያስጠላሽ ነገር ነው አልከኝ። ይህንን አንተው መለስከው። ተማሪ ሳለህ እናትህ ከገጠር እርጎ በቅል ይዛ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ስትጠብቅህ፣ ጓደኞችህ ማን ናት ቢሉህ ጎረቤታችን ናት ማለትህን ነገርከኝ። ድምፅህ ተለወጠ። ለእሷ ነግረሃት እንደሆነ ስጠይቅህ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም አልከኝ።

የቀረው “ጊልቲ” ነበር። ይኸኛው የሰው ዓይን አያስፈልገውም፣ ሰው ቢያመሰግንሽም አይለቅሽም አልከኝና ለነገ አስቢበት አልክ። በነጋው ትኩሳት ጣለህ፤ ከዚያ አልተነሳህም። ቃሉ በእጄ ቀረ።

ተዝካርህን አወጣሁ። አንድ በግ፣ ጥቂት ጠላ፣ ለነዳያን ዳቦ፤ ይኸው ነው። ቀበሌ ሰማ። አገር በተራበበት ጊዜ ደግሳለች፣ ኋላ ቀር ልማድ ታስፋፋለች ተብዬ፣ እሑድ ስብሰባ ላይ ግለ ሂስ አድርጊ ተባልኩ። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አይደለም። ቢሮው ጠርቶኝ፣ ሁለት ቃል ተናግረሽ ተገላገይ፣ ቤቱ የቀበሌ መሆኑንም አትርሺ አለኝ። እናትህን ይዤ ወዴት እሄዳለሁ?

ዛሬ ጠዋት ሕዝቡ ፊት ቆምኩ። ተዝካር ማውጣቴ ጥፋት ነው፣ ተጸጽቻለሁ፣ አልደግመውም አልኩ። ተጨበጨበ። ጠላህን የጠጡትም አጨበጨቡ። አልፈርድባቸውም፤ እነሱም የሚኖሩት በቀበሌ ቤት ነው። አፈርሽ ወይ ብትለኝ አላፈርኩም። ዛሬ እኔ፣ ነገ ሌላው፤ ሁላችንም የለመድነው ነገር ነው።

እናትህ ግን ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ብቻሽን አልልክሽም ብላ ተከትላኝ ነው። አማርኛ እንደማትሰማ ታውቃለህ። ስንመለስ ክንዴን ይዛ “ማል ጄቴ?” አለችኝ፤ ምን ብለሽ ነው እንዲህ ያጨበጨቡልሽ? ለማ፣ መልሱ ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። የልጅሽን ተዝካር አመሰገኑ፣ ያጨበጨቡት ለእሱ ነው አልኳት፣ በገዛ ቋንቋዋ። መንገዱ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። በነጠላዋ ዓይኗን ሸፍና አለቀሰች፣ መረቀችኝ፣ እጄን ሳመችኝ። አማት የምራት እጅ ስትስም! ከዚያ ወዲያ በየጎረቤቱ ደጃፍ እየቆመች ለልጄ አጨበጨቡለት ትላለች። ሰዎቹ እኔን አይተው አንገታቸውን ደፉ።

እኔ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ይኸው እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ። የነካችው እጄ ይከብደኛል። ተዝካርህን የካድኩበትን ጭብጨባ ምርቃት አድርጌ ሰጠኋት። የ“ጊልቲ” ምሳሌዬ ይኸውልህ፣ መምህሬ። ይኸኛውን ፈጠራ ነው ብለህ አትመልስብኝም።

አሁን በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀች ስምህን እየጠራች ለብቻዋ ትስቃለች። ሌላ ሰው ሳይነግራት እኔ እነግራታለሁ፤ ይህን ደብዳቤ አጥፌ እንዳስቀመጥኩ፣ አሁኑኑ። በእሷ ቋንቋ፣ ምንም ሳላስቀር። ብትፈልግ ትርገመኝ። አልደግመውም ያልኩትንም እደግመዋለሁ፤ ሙት ዓመትህ ሲደርስ ቤት ቢኖረኝም ባይኖረኝም እዘክርሃለሁ፣ በሕይወት እስካለሁም አልረሳህም።

እርጎ በቅል ስለያዘችው ጎረቤት ግን አልነግራትም። እሱን ስትገናኙ አንተው ንገራት።

ያንተው ተማሪ፣
አስናቀች