አያ ሞላ ለደርሶ ያጩለት ሚስት

አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት አልፎ ሦስት ወር ሆነ። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ከዚህ ቤት ጣጣ ርቀህ ተኝተሃልና ከእኛ ትሻላለህ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እንጨት የምትሸጥባት ቤት አሁን የሞባይል ሽፋን ይሸጥባታል። የቀረውን አጣና የጠዳ ሰው ጭኖ ወሰደው። እማዬ ጥቁሯን አውልቃለች፤ ግን የሰጋቱራ ሽታ ከየትም ሲመጣ አሁንም ቀና ብላ በሩን ታያለች። ወንድምህ አያ ሞላ ወንበርህ ላይ መቀመጥ ጀምረዋል። ወንበሩ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ እሳቸው ግን የሚሰሙት የራሳቸውን ድምፅ ብቻ ስለሆነ አልታወቃቸውም።

ከትምህርት ቤት ስመለስ አጣናው ላይ አስቀምጠህ ስለ ደርሶ ስታወራኝ ትዝ ይልሃል? ስለ አያትህ አያት። ከወገራ በኩል ጽድና ዝግባ በበሬ እያስጎተተ ለጎንደር ሰው ይሸጥ ነበር አልከኝ። ከተማው ሲቃጠል የራሱን ቤት ትቶ መጀመሪያ የጎረቤቶቹን ጣራ አስቆመ፤ ራሱ ክረምቱን ከነልጆቹ ቁርበት ዘርግቶ ከረመ፤ ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ዳኛችን ሁን አለው። ሚስቱ ይታይሽ ደግሞ የወለቃ ልጅ ነበረች፤ የቤተ እስራኤል ባለ እጆች ልጅ። እንጨት መለየትንም መጥረብንም ለደርሶ ያስተማሩት አባቷና ወንድሞቿ ናቸው። «የዚህ ቤት እንጀራ የመጣው ከእነሱ እጅ ነው» አልከኝ። እኔ አመንኩህ። ችግሬም ከዚያ ይጀምራል።

በቀደም እሑድ ለእህቴ ለሰናይት ሽማግሌ መጣላት። የላካቸው ሀብታሙ ነው፤ ታውቀዋለህ፣ ማራኪ ሰፈር አብሯት የሚሠራው ልጅ። በቀብርህ ቀን ድንኳን ሲተክል የዋለው እሱ ነው። እህቴ ሙት ዓመትህን ጠብቃ፣ ፀጉሯን እንኳ ሳትሠራ ቆይታ ነው ሽማግሌ ላኩ ያለችው። ሦስት የደምቢያ ሽማግሌዎች ነጭ በነጭ ለብሰው መጡ። ሰናይት ከመጋረጃው ጀርባ ሆናለች፤ እኔ ጠላ እቀዳለሁ።

ትልቁ ሽማግሌ «እንግዲህ ልጆቹ ተዋደዋል፤ እስቲ ትውልድ እንቁጠር» አሉ። እንደምታውቀው እስከ ሰባት ቤት ደም ከተገናኘ ጋብቻ የለም። አያ ሞላ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ጀመሩ። ደርሶ ላይ ሲደርሱ «ደጃዝማች ደርሶ» አሉ። አባዬ፣ ቀብርህ ላይ እኮ ነጋድራስ ነበር! አርባህ ላይ ቀኛዝማች ሆነ፤ ሙት ዓመትህ ላይ ፊታውራሪ። ከሞተ ወዲህ እንዲህ ሹመት የዘነበለት ሰው አላየሁም።

ደጃዝማች ደግሞ የባለ እጅ ልጅ አያገባም። ስለዚህ አያ ሞላ የእንግዶቹን አገር አስበው፣ ደስ እንዲላቸው፣ እዚያው ቁጭ ባሉበት አዲስ ሚስት አጩለት። «ባለቤቱ ወይዘሮ ውብነሽ፣ የደምቢያው የባላምባራስ ጎሹ ልጅ!»

ሽማግሌው ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «የትኛው ጎሹ?»

«ጎሹ ነዋ! ስንት ጎሹ አለ?»

«የኛው ጎሹ? ሀብታሙም እኛም እኮ የምንቆጠረው ወደ እሱ ነው።»

«እንዲህ ነው እንጂ! ለካ ዘመድ ነን!» አሉ አያ ሞላ፤ ተነሥተው ሽማግሌውን ትከሻ ለትከሻ ሳሟቸው። እየሳቁ ሳሟቸው አባዬ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም፤ በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር።

«በእናንተም ስድስት፣ በእኛም ስድስት። ደም ነው። እግዜር ያሳያችሁ፣ አዝነናል፤ አይሆንም።»

አያ ሞላ «ተሳሳትኩ» ቢሉ ያልቅ ነበር። አንድ ቃል! ባርኔጣቸውን አውልቀው ውስጡን ማየት ጀመሩ፤ ቃሏ እዚያ የወደቀች ይመስል። መጋረጃው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

«አያ ሞላ፣ ውብነሽ የምትባል ሴት የለችም» አልኩ።

«አንች! ማን ጠየቀሽ? ጠላውን ቅጂ!»

«ቀድቼ ጨርሻለሁ።»

ከዚያ ተናገርኩ። ስሟ ይታይሽ ነው፣ የወለቃ ባለ እጆች ልጅ ናት፣ ደርሶም እንጨት ነጋዴ ነበር፣ ከባላምባራስ ጎሹ ጋር የሚያገናኘን ደም የለም አልኩ። እህቴን ያተረፍኩ መስሎኝ ነበር።

በር አጠገብ የተቀመጠው ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ የነጠላውን ጫፍ ሳህኑ ላይ ጣል አደረገ። የእኔ ዓይን እንዳያርፍበት ነው። በልቶ ያጋመሰውን ወጥ ከኔ ሸፈነው! ትልቁ ሽማግሌ «መክረን እንመለሳለን» ብለው ተነሡ። አልተመለሱም። ሀብታሙ ማታውኑ ደወለ፤ በማግስቱ «ትንሽ ይብረድ» ብሎ ጻፈ፤ ከዚያ ወዲህ የሚበርደው እሱ ብቻ ነው።

አያ ሞላ ለዘመድ ሁሉ «ያች ምላሰኛ ቤቱን አፈረሰችው» ይላሉ። ይበሉ። ሰናይት ግን አልተቆጣችኝም፤ «ምነው ላንች ብቻ ነገረሽ? ታላቋ እኔ አይደለሁም?» አለችኝ። ጥያቄዋን ላንተ አመጣሁት።

ምነው አባዬ? አያ ሞላ በየዝክሩ ደርሶን ሲሾሙት አጠገባቸው ነበርክ። ወደ ብርጭቆህ እየሳቅህ «ይሁን፣ ለሞተ ሰው ማዕረግ ምን ይጎዳዋል» ትለኝ ነበር። እኔም እስቅ ነበር። ደርሶን አልጎዳውም፤ ሰናይትን ግን ጎዳት። እውነቱን አንተ ብትናገረው ትልቅ ሰው የተናገረው ይሆን ነበር። አንተ ሸሽገህ አጣናው ላይ ለልጅ አወራህና ሄድክ፤ እኔ ጠላ በያዘ እጄ አወጣሁት። ተቆጥቼሃለሁ። ሙት አይቆጡትም ይላሉ፤ ታዲያ ማንን ልቆጣ?

ትናንት ማታ ሰናይት አልጋዬ ላይ መጥታ ስለ ይታይሽ ጠየቀችኝ። የነገርከኝን ሁሉ ነገርኳት፤ እያለቀሰች ሰማችኝ። ከእንግዲህ ሁለት ነን። ሌላ ሽማግሌ ከመጣ፣ ገና ሳይቀመጥ፣ ጠላ ሳይቀዳ፣ ከይታይሽ ጀምረን እንቆጥራለን፤ መሄድ የፈለገ ከበሩ ይመለሳል።

አንተንም አልረሳህም። አጣናው ላይ ያወራኸኝንም፣ በሰው ፊት ያልተናገርከውንም አብሬ ይዤልሃለሁ።

ልጅህ