ሁለቱ ድምፅ ማጉያዎችና አምስቱ

ሁሉን በያዘ በእግዚአብሔር ስም ለተወደድህ ልጄ፤ ሰላሙ ካለህበት ይድረስህ። እኛ፣ ስሙ ይመስገን፣ ደህና ነን።

የላክኸው አምስት ድምፅ ማጉያ ሲደርስ ደስታዬ ወሰን አጣ! ሊተክላቸው የመጣው ባለሙያ አስቀድሞ ሁለቱን ብቻ ግራና ቀኝ ተክሎ መዝሙር ከፈተ።

«የግራው አልሠራም» አልሁት።

ቦታቸውን አቀያየረ፤ አሁንም የግራው ዝም አለ።

«አባባ፣ ሁለቱም እኮ እኩል ይጮኻሉ!» ብሎ ሳቀብኝ።

«እንግዲያስ አምስቱንም ትከል!» አልሁት።

ዕድሜ ለአንተ፣ በመዘምራን መካከል የቆምሁ መሰለኝ፤ አንድም ድምፅ አልጎደለብኝ! እናትህ ግን «ሐኪም ይይህ» እያለች ትነዘንዘኛለች፤ የእርጅና ነገር ነው ብዬ አልፋታለሁ። ትናንት ደግሞ ወንበሯን ከግራዬ አንሥታ በቀኜ አኖረች።

አምላክ አንተንና ቤትህን በጸጋው ይክበብ፤ ድምፅህንም ከጆሮዬ አያርቅብኝ።

አባትህ