ብርሃንን ከፊት የለኩት የአቶ ማሩ አድማሴ የሕይወት ታሪክ

አቶ ማሩ አድማሴ ከአባታቸው ከአቶ አድማሴ ይባረክ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ እናኑ ማለደ በጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን አጠገብ በ1912 ዓ.ም. ተወለዱ። ዳዊት ከደገሙ በኋላ ጎንደር ወርደው በአንድ ጣሊያን ፎቶ ቤት ፊልም አጣቢ ሆነው ተቀጠሩ። በ1936 ዓ.ም. ፒያሳ የራሳቸውን ፎቶ ቤት ከፈቱ፤ በ1939 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሽታዬ ዳኛው ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሦስት ልጆች አፈሩ።

በ1945 ዓ.ም. እናታቸውን ፎቶ ሊያነሱ አገራቸው ወጡ። ወይዘሮ እናኑ ታመው ከቤት አይወጡም ነበርና ከበሩ ወደ ውስጥ ተቀመጡ፤ ለወጉም አዲስ ነጠላ ለበሱ። አቶ ማሩ የጫኑት ለፀሐይ የሚሆነውን ዘገምተኛ ፊልም ነበር፤ ብርሃኑንም የለኩት ከነጩ ነጠላ ላይ ነው። ፊልሙ ጎንደር ሲታጠብ ነጠላው ከነጥለቱ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ፊታቸው ግን ጥላሸት መሰለ። እንደገና ሊያነሷቸው ሳይመለሱ መርዶ ደረሳቸው። ለቅሶው ላይ ፎቶው ሲዞር ለቀስተኛው ሁሉ ያወቀው ነጠላውን ነበር። አባታችን ይህን ባነሱ ቁጥር ያለቅሱ ነበር፤ እኛም አንደብቀውም።

ከዚያ ወዲህ የሰው እናት እንዲህ እንዳትጠፋ ቆርጠው ተነሱ። ብርሃን በብዛት የሚያስገባ ሌንስ ከአስመራ አስመጡ፤ ለቤት ውስጥ በጥቂት ብርሃን የሚሠራውን ፈጣኑን ፊልም ብቻ ይጭናሉ፤ ብርሃኑንም ከፊት ላይ ይለካሉ። ፈጣን ፊልም ሥዕሉን ስለሚያሻክረው አንዳንድ ደንበኛ ጤፍ ተበተነበት እንዴ ብሎ ሲያሾፍባቸው፣ ጤፉን ትቆጥራለህ ወይስ እናትህን ታያለህ ይሉት ነበር። ፍላሽ ሽማግሌ ያስደነግጣል ብለው አይወዱም፤ በምትኩ ነጭ ጋቢ አስዘርግተው የበሩን ብርሃን ወደ ፊት ይመልሱታል። ለቤተሰብ ፎቶ የሚጠቀሙበት ሰፊው ሌንስ ዳር የቆመውን ስለሚለጥጥ አያቶችን መሀል፣ አማቾችን ዳር ያደርጋሉ። አማቻቸው፣ የእኔ ባለቤት አቶ የሻው፣ በሠርጋችን ፎቶ ላይ ጉንጫቸው ለምን እንደተነፋ እስከ ዛሬ ይጠይቃሉ።

ከአይከል እስከ አዘዞ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ያለ የስንት እናት ፊት የእሳቸው እጅ ነው። ስለዚህ እግዚአብሔርን እናመሰግናለን።

ካቻምና ሳንባቸውን ታመው አልጋ ያዙ። ባለፈው ኅዳር እኔ ልጃቸው አምሳለ መስኮቱ አጠገብ ፎቶ ላነሳቸው ስቆም ነጭ ጋቢ ለብሰው ነበር። የብርሃን መለኪያውን ከእጄ ወስደው ወደ ጉንጫቸው አዞሩት።

ጥር 9 ቀን 1965 ዓ.ም. በ53 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሽታዬ፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውና እህታቸው ወይዘሮ ወለላ አሉላቸው።

ዛሬ ከአስከሬናቸው ፊት የተያዘው ፎቶ ያ የኅዳሩ ነው። ጤፍ ተበትኖበታል፤ ፊታቸው ግን ደህና ይታያል። ብርሃንን የፈጠረ አምላክ ነፍሳቸውን ይማርልን፤ የእናታቸውን ፊት ለማየት ያብቃቸው።