ዝምታዬ እሺታ ሲባል

እማዬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር የጤና ሰላምታ ይቀድማል ብለሽ ነበር ያስተማርሽን። ብዕሩን ይዤ «ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ» ልል ስል እጄ ቆመ። ለአንቺ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ አላስተማርሽንም፤ ስለዚህ ዘልዬዋለሁ፣ አትቆጪኝ። እኛ ደህና ነን። እንበላለን፣ እንተኛለን፣ ሰው ሲመጣ በር እንከፍታለን። ደህና ማለት ይህ ከሆነ ደህና ነን።

የሄድሽው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነበር። አሁን መስቀል አልፎ፣ የቡታጅራ ጭቃ ደርቆ አቧራ ሆኗል። እንዲህ ሲነገር ረጅም ጊዜ ይመስላል፤ ለእኔ ግን ያው አንድ ቀን ነው፣ አልመሽም ብሎ የቀጠለ። አላለቀስኩም። ከሌላ ሰው ከምትሰሚ ከእኔው ስሚው። በቀብርሽ ዕለትም፣ በሰልስቱም፣ በተዝካሩም አላለቀስኩም። የሰፈር ሴቶች መጀመሪያ «ደንግጣ ነው» አሉ፤ ቆይተው «አንጀተ ደረቅ» አሉኝ፤ አሁን ሰልችቷቸው ትተውኛል። ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ብቻ ስለ ዕንባዬ አንድም ቀን አላነሱም። ጠዋት ጠዋት ይመጡና «አላህ ይማራት» ብለው አጠገቤ ይቀመጣሉ፤ ጎመኔን አብረውኝ እየቀነጠሱ ስለ ገበያው ያወሩልኛል።

ቤታችን ውስጥ የተለወጠው ብዙ አይደለም። አባባ አልጋሽን ወደ ግድግዳው አስጠግተውታል፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ለመስቀል ወደ ትውልድ አገርሽ ወደ አገና አልሄድንም። መስቀልን ከዘመዶችሽ ርቄ ሳሳልፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አጎቴ ቆጮና ቅቤ ልከውልን ነበር፤ ክትፎውን እኔ አዘጋጀሁ፤ አባባ «ጥሩ ነው» አሉ፤ እኔም ጥሩ ነው አልኩ። ሚጥሚጣ እንዳልገባበት ያወቅኩት በማግስቱ፣ ዕቃው እንደሞላ ሳየው ነው። ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለን ሚጥሚጣ የሌለው ክትፎ በልተን አንዳችንም ልብ አላልንም።

ትምህርት ቤት በአንቺ ቦታ የባልትና መምህር አልተገኘም። ከዩኒቨርሲቲ ለአገልግሎት የመጣ አንድ ልጅ እግር መምህር ክፍለ ጊዜውን ይሸፍናል። ጸጉሩ አፍሮ፣ ሱሪው ከታች መንገድ ጠራጊ ነው። አዝራር መትከል እንዲያስተምር ተነግሮት ስለ መሬት ላራሹ ሲያስረዳን ደወሉ ይደወላል። ብታይው መጀመሪያ ትስቂ ነበር፤ ቀጥለሽ ደግሞ «ልጄ፣ ባላባቱም ገበሬውም አዝራሩ ይበጠሳል» ትይው ነበር።

የቅዳሜ ከሰዓቱ ትምህርትሽ ግን ተዘግቶ ከረመ። አንቺው የጀመርሽውን ለአንቺው ማውራት ሞኝነት ነው፤ ቢሆንም ላውራው፣ ሌላ የማወራው ደስ የሚል ነገር የለኝም። ማርክ አይሰጥበትም፤ ሴትና ወንድ አንድ ላይ እንቀመጥ ነበር። ወንዶቹን ካልሲያቸውን ስታሳጥቢ አንዱ አባት ዳይሬክተሩ ዘንድ ድረስ ሄደው ከሰሱሽ። «እግሩ የራሱ ነው» ብለሽ መለስሽላቸው። የወር አበባ ጨርቅ ፀሐይ ላይ እንጂ ጓዳ ተደብቆ እንደማይደርቅ ስትነግሪን ወንዶቹን ኳስ ሜዳ ሰደድሻቸው፤ እነሱም ምን እንደቀረባቸው ለማወቅ ሳምንቱን ሙሉ ሲለምኑን ከረሙ። የተጣሉ ጓደኛሞች ሲመጡ ፊት ለፊት አስቀምጠሽ አንዱ የሌላውን ቅሬታ በራሱ አፍ መልሶ እንዲናገር ታደርጊ ነበር። ብዙዎቹ መሃል ላይ ሳቅ ያመልጣቸውና ይታረቁ ነበር፤ ያልታረቁም ቢያንስ የተጣሉበትን አወቁ።

አንድ ቅዳሜ ደግሞ «አልፈልግም» ማለትን አስተማርሽ። በእኛ አገር ሴት ልጅ ስለ ትዳር ተጠይቃ ዝም ካለች እሺ ብላለች ነው። አፍራ ነው ይባላል፤ ጨዋነቷም ይመሰገናል። አንቺ ይህን ስታስረጂ ፊትሽ በንዴት ይቀላ ነበር። ሴቶቹን ተራ በተራ እያስነሳሽ መሬት ሳያዩ፣ ሳይስቁ፣ ሳይሳደቡም «አልፈልግም» አስባልሻቸው። ወንዶቹ ደግሞ ቃሉን ሰምተው ሳያኮርፉ «እሺ፣ ሰምቻለሁ» እንዲሉ ነበር። ይበልጥ የከበደው እነሱን ነው። የእትዬ ዘይነባ ልጅ ሰሚራ ሳቋ አልቆም ብሎ ስንቴ እንዳስደገምሻት! ተራው እኔ ጋ ሲደርስ ግን «አንቺ ተቀመጪ፤ አንቺን ቤት አስተምርሻለሁ» አልሽኝ። ቤት ስንገባ ደክሞሽ ነበር። በማግስቱም ደክሞሽ ነበር።

ቆላ ወዳለችው ቆሼ ከተማ የሄድሽውም ለዚሁ ጉዳይ ነው። ከቅዳሜ ልጆችሽ አንዷን ወላጆቿ ከትምህርት ቤት አስወጥተው ሊድሯት መሆኑን ሰምተሽ፣ ለምነሽ ልትመልሻት ሄድሽ። መለስሻት፤ የወሰደሽን ወባም ይዘሽ መጣሽ። አባባ ይህን አልረሱም። «ለሰው ልጅ ብላ» ይላሉ፤ ከዚያ ወዲያ አይጨምሩም። የቅዳሜ ነገር ከተነሳ ባርኔጣቸውን አንስተው ይወጣሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንድ እሁድ ጠዋት ከአባባ ጋር ከመንዝ የመጡት የአገራቸው ሰው ግራዝማች ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ደጃችን ቆሙ። ለለቅሶ የመጡ መስሎኝ ወንበር አወጣሁ። አንቀመጥም አሉ። ሽማግሌ ደጅ ቆሞ አልቀመጥም ሲል ምን ፈልጎ እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል። እኔ ግን ወንበሩን መልሼ አስገባሁና ወደ ጎመኔ ተመለስኩ።

የጠየቁኝ ለግራዝማች ልጅ ነው፤ ወልቂጤ ጽሕፈት ቤት ተቀጥሯል። ወልቂጤ በተራራው ማዶ ያለች ብትሆንም በመኪና በአዲስ አበባ ዞሮ ነው የሚደረሰው። ስለ ልጁ የምለው ክፉ ነገር የለኝም፤ አንዴ ገበያ አይቼዋለሁ፣ ቁመቱ ደህና ነው። ሙት ዓመትሽ ሳይወጣ ሠርግ እንደማይታሰብ፣ ለጊዜው ቃል ብቻ እንደሚበቃቸው ተናገሩ። «እናት የሌላት ልጅ ጥላ ያስፈልጋታል» አሉ። አባባም እንደ ወጉ «ዘመድ ላማክር፣ ልጅቱንም ልጠይቅ» ብለው ቀጠሯቸው።

ከምሳ በኋላ አባባ ጠሩኝና ነገሩኝ። «ምን ትያለሽ?» አሉ። እማዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ምንም አልተሰማኝም። ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ መሰለኝ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ሰው ሲያናግረኝ ቃሉ ጆሮዬ ድረስ ይመጣል፤ ወደ ውስጥ አይገባም። ግድግዳውን ማየት ያዝኩ። አባባ ጥቂት ጠበቁ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ «ገባኝ፣ ልጄ» አሉ። ምን እንደገባቸው እንኳ አልጠየቅኩም።

በማግስቱ እትዬ ዘይነባ ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ እየሮጡ መጡ። «እሺ አልሽ አሉ፣ እውነት ነው?» አሉኝ።

«ምንም አላልኩም» አልኳቸው።

«እሱማ ወላሂ እሺ ነው!» ብለው ራሳቸውን ያዙ።

በሐዘን የመጣብኝን ዝምታ ወስደው ለወልቂጤ ሰጡት። አንቺ ብትኖሪ «ታዲያ ሄደሽ አትነግሪያቸውም?» ትይኝ ነበር። አልሄድኩም። የመጨረሻውን ክፍል ለመጨረስ አንድ ዓመት ሲቀረኝ ትምህርቴን እንደማቋርጥ አውቄዋለሁ። አስተማሪ የመሆኔ ነገር እዚያው እንደሚያበቃም አውቄዋለሁ። ግን ማወቅና መሰማት ተለያይተውብኛል። እዚህም ደንዝዤ ልቀመጥ፣ ወልቂጤም ሄጄ ልደንዝዝ፣ ልዩነቱ አልታይ አለኝ።

ከቀጠሮው በፊት በነበረው ቅዳሜ ሰሚራ መጥታ ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ። የቅዳሜ ልጆችሽ ማንም ሳይጠራቸው የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበው ኖሯል፤ ከድር፣ ያ ረጅሙ፣ ቁልፉን ከዘበኛው ለምኖ አምጥቷል። ሰሚራ እጇን እንደ አንቺ ወገቧ ላይ አድርጋ ከጃንሆይ ሥዕል ሥር ቆመችና «ዛሬ የአልፈልግም ልምምድ ነው፤ ሳትለማመድ የቀረች አንዲት ልጅ አለች» አለች። ለከድር ጋቢ ፈልገው አለበሱትና ሽማግሌ አደረጉት። ጢም የሌለው ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ ሲያስል ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። እኔም ተነሳሁ። አፌን ከፈትኩ። ቃሉ የለም። ሰሚራ ሳቋን አቆመች። ደግመን ሞከርን፣ ደግመን ሞከርን፣ አልወጣልኝም። ከድር ጋቢውን አውልቆ «ግድ የለም፣ ሌላ ቀን» አለኝ። ሌላ ቀን እንደሌለ ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ተናደድኩ። በአንቺ። ከሄድሽ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር የተሰማኝ ያኔ ነው። የአገሩን ልጅ ሁሉ አስተምረሽ እኔን «ቤት» ብለሽ ማስቀረትሽ! ቆሼ ድረስ የሄደ እግር እኔ አልጋ ድረስ መምጣት አቃተው። አገር ሙሉ ሲያመሰግንሽ እኔ አዳራሽ መሃል አፌን ከፍቼ ቆሜ ቀረሁ። በጣም ተናድጄብሻለሁ፣ እማዬ። ደንዝዤ ከመዋል ግን ይሻላል፤ ያን ዕለት ቢያንስ ራበኝ።

የቀጠሮው ቀን ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ሳይለመኑ ተቀመጡ፤ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። የምሳ ሰዓት ነበርና ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዤ እጅ ላስታጥብ ገባሁ። ግራዝማች እጃቸውን ዘረጉልኝ። ሳሙናውን እያሹ «ጨዋ ልጅ ናት፤ ዝም ብላ እሺ አለች፤ እንዲህ ነው አስተዳደግ» ብለው መረቁኝ። ውሃው ቆመ። ያቆምኩት እኔ ነኝ።

«እሺ አላልኩም» አልኩ።

ድምፄ ታሞ የተነሳ ሰው ድምፅ ነበር፤ የማየውም ሳፋውን ነበር። የቅዳሜ ልጆች ቢያዩኝ ያስደግሙኝ ነበር። ስለዚህ ቀና ብዬ ደገምኩት። «እሺ አላልኩም። ልጅዎ መልካም ሰው ይሆናል፤ እኔ ግን አሁን ማግባት አልፈልግም። ትምህርቴን መጨረስ ነው የምፈልገው።»

የግራዝማች እጅ ከነሳሙናው አየር ላይ ቀረ። ምስኪን፣ ማስታጠቡንም አልጨረስኩላቸው። ወደ አባባ ዞሩና «ይህን ያስተማረቻት እናቷ ናት» አሉ። በስድብ ነው የተናገሩት፤ በሞተ ሰው ላይ የሚወረወር ስድብ ቀስ ተብሎ ነው የሚነገረው።

አባባን አየኋቸው። የቅዳሜን ነገር ሲሰሙ ባርኔጣ አንስተው የሚወጡት አባባ ከተቀመጡበት አልተነሱም። ካሁን አሁን «ውጪ» ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«አዎ፣ እናቷ ናት» አሉ። «ደግ አደረገች። ልጄ ሳትናገር የተናገርኩላት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነውና ይቅር በሉኝ።»

ከዚያ ተነሥተው ማንቆርቆሪያውን ከእጄ ተቀበሉና የግራዝማችን እጅ ራሳቸው አስታጠቡ። ግራዝማች እምቢ ሊሉ ሞከሩ፤ ዓይናቸው ግን ለስልሶ ነበር። ምሳውን በሉ። ብዙ አልተጫወቱም፤ ግን ማዕዱን አመስግነው፣ ከአባባ ጋር ተሳስመው ነው የሄዱት።

ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ አባባ ደጅ ተቀምጠው ቆዩ። ሳህኑን እያነሳሳሁ ሳለ «ያቺ የቆሼ ልጅ አሁን እንዴት ናት?» ብለው ጠየቁኝ። ስለ እሷ ሲጠይቁ የመጀመሪያቸው ነው። ትምህርቷ ላይ ናት፣ በርትታለች አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቅዳሜን ሰሚራና እኔ ይዘነዋል። እንደ አንቺ አይሆንልንም፤ እሷ ትስቃለች፣ እኔ እቆጣለሁ። ልጆቹ ግን ይመጣሉ። ድንዛዜው አሁንም አልለቀቀኝም። አንዳንድ ጠዋት ተነሥቼ ፊቴን ስታጠብ ውሃው መቀዝቀዙ ይታወቀኛል፤ አንዳንድ ጠዋት ደግሞ አይታወቀኝም።

አንድ ነገር ለአባባም ለሽማግሌዎቹም አልነገርኳቸውም። «እናቷ ናት ያስተማረቻት» ሲሉ ልክ አልነበሩም። ልታስተምሪኝ አስበሽ ነበር፣ አልደረስሽም። በለቅሶሽ ላይ ሰው ሁሉ ያወራላት ሴት አትደክምም፣ አትረሳም፣ ለማንም አታጎድልም። እኔ እሷን አላውቃትም። የማውቀው ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ጋደም የምትለዋን፣ «ነገ» እያለች የምትቀጥረኝን ነው። ሰው ስምሽን ባሳመረ ቁጥር እሷ እየራቀችብኝ ነው። ስለዚህ ሰው የፈለገውን ያመስግን፤ እኔ ግን የጎደለሽንም ሳልተው አስታውስሻለሁ፤ ያለዚያ የማስታውሰው እናቴን አይሆንም።

ልጅሽ አልማዝ
ቡታጅራ