የጋለ ነገር መያዣ

ሰኞ
ዛሬም አልነካሁትም። ሕፃን መሳቢያው ብረት፣ ፎርሴፕሱ፣ ተቀቅሎ ትሪው ላይ ተቀምጧል፤ እኔ ዞሬ አልፋለሁ። ባለፈው ወር በእሱ ያወጣሁት ሕፃን አልጮኸም። ዶክተሩ "ሆድ ውስጥ ሳለ ነው የሞተው፣ አንቺ ምን ታደርጊ?" ብሎኛል። ግን ያ ዝምታ አብሮኝ ይውላል፤ ምሳ ስበላ እንኳ አለ።

ሺንሺቾ ገበያ ደግሞ "የቀጥቃጭ ልጅ የያዘችው አይተርፍም" እየተባለ ነው አሉ። አዎ፣ አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። ቀበሌ ስብሰባ ላይ "ሠርቶ አደር ሁሉ እኩል ነው" ሲባል ያጨበጨቡት እነሱው ናቸው።

ማክሰኞ
ዶክተሩ ለስብሰባ ሆሳዕና ተጠራ። ጤና ጣቢያው ውስጥ አዋላጅ ነርስ እኔ ብቻ ቀረሁ። ፈራሁ።

መድኃኒት ክፍል የሚሠራው ጋሽ አበራ በልጅነቱ የካቶሊክ ካህናት ዘንድ ላቲን ተምሯል። ትሪውን ስሸሽ አይቶ ሳቀብኝ። "ፎርሴፕስ እኮ ላቲን ነው። ፎርሙስ የጋለ፣ ካፔሬ መያዝ። የቀጥቃጭና የምድጃ ጉጠት ነበር፤ ሐኪም የወሰደው ኋላ ነው። የአባትሽን ዕቃ ነው የምትፈሪው?"

አልሳቅኩም። አባቴ ትዝ አለኝ፣ በልጅነቴ ጉጠቱን አስይዞ ሲለኝ፦ "አትጨምቂው። ያዢው ብቻ።"

ረቡዕ
የባለሱቁ ሚስት አስቴር ከጠዋት ጀምሮ አማጠች። የሕፃኑ ጭንቅላት ተቀረቀረ። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦታል፣ መኪና የለም። አማቷ እማማ ማርታ በር ላይ ቆሙ፦ "የቀጥቃጭ እጅ የልጄን ልጅ አይነካም! በቃሬዛ ሆሳዕና እንወስዳታለን።"

አስቴር ጮኸች፦ "እማማ፣ መንገድ ላይ ልሙት? ይተዉአት!"

እማማ ማርታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። መንግሥት ቸርቹን ካሸገው ወዲህ ያለ ድምፅ መጸለይ ለምደዋል።

ፎርሴፕሱን አነሣሁ፤ ጭንቅላቱን ያዝኩት። አልጨመቅኩም። ምጧ ሲመጣ ሳብኩ፣ ሲተዋት ተውኩ። ወጣ።

ዝም አለ። ያው ዝምታ። ጀርባውን አሸሁት፣ አፉን ጠረግኩት።

ጮኸ! እኔም አብሬው አለቀስኩ።

ሐሙስ
እማማ ማርታ ሕፃኑን ታቅፈው መጡ። አላመሰገኑኝም። በሁለቱም ጆሮ ግንዱ ላይ የብረቱ ምልክት ቀልቶ ይታያል።

"ይሄ ይጠፋል?"

"በጥቂት ቀን ይጠፋል፣ እማማ።"

በጣታቸው ዳሰስ አደረጉት። "ባይጠፋም ግድ የለኝም" አሉና ልጁን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ሞቃት ነው።

ሲሄዱ ፎርሴፕሱን ራሴ አጥቤ ቀቀልኩት። ያኛው፣ የባለፈው ወሩ ሕፃን ግን አሁንም ዝም እንዳለ ነው።